ባንኮክ የሚገኘውን የዋት ፖ ቤተ መቅደስ ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክ ከሚበሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሄዱት ለሕክምና ወይም ለንግድ ነው። የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ወይም ዕቃ ተጭኖ እስኪያልቅ አንድ ባዶ ቀን ሲገኝ «በከተማው ውስጥ ምን እንይ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ዋት ፖ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚሁ ቤተ መቅደስ በብዛት የሚነሡት ናቸው። ዓመተ ምሕረት በተጠቀሰበት ሁሉ አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው፤ ሰዓት የተጠቀሰው ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

ዋት ፖ ምንድን ነው? የነገሥታት ቤተ መቅደስ የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ዋት ፖ በባንኮክ አሮጌው ከተማ፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በስተደቡብ የሚገኝ፣ ጋደም ባለው ግዙፍ የቡድሃ ሐውልቱ የታወቀ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስና ገዳም ነው። ሙሉ ስሙ ዋት ፕራ ቼቱፖን ብሎ የሚጀምርና እጅግ ረጅም ቢሆንም የከተማው ሰው ሁሉ ዋት ፖ ብሎ ይጠራዋል። ቦታው ከባንኮክ ዋና ከተማነት ይቀድማል፤ ንጉሥ ራማ 1ኛ በ1782 መናገሻቸውን ወደ ወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ ሲያዛውሩ ዋት ፖታራም የሚባል ከቀድሞዋ መናገሻ ከአዩታያ ዘመን የቆየ ቤተ መቅደስ እዚያው ነበረ። ንጉሡ በ1788 እንደ አዲስ ማሠራት ጀምረው በ1801 አስፈጸሙት፤ የልጅ ልጃቸው ራማ 3ኛ ደግሞ ከ1832 ጀምሮ ከ16 ዓመት በላይ በፈጀ ሥራ አስፋፍተው ዛሬ የምናየውን መልክ ሰጡት።

በታይላንድ በንጉሣዊ ቤተሰብ የተመሠረቱ ወይም በንጉሡ ጥበቃ ሥር ያሉ ቤተ መቅደሶች በማዕረግ የተከፈሉ ናቸው። ዋት ፖ በአንደኛው ማዕረግ ካሉት ጥቂቶች መካከል ሲሆን የራማ 1ኛ አፅም ቅሪት የሚገኘውም በዋናው አዳራሽ፣ በቡድሃው ሐውልት መቀመጫ ሥር ነው።

ከታላቁ ቤተ መንግሥትና ከመረግድ መሳዩ ቡድሃ ጋር አንድ ቦታ ነው?

አይደለም፤ ይህን ማምታታት ግን በጣም የተለመደ ነው። ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸውና 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝመው ታዋቂው ቡድሃ ያለው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ፣ ዋት ፕራ ኬው በሚባለው ቤተ መቅደስ ነው። እዚያ መነኮሳት አይኖሩም፤ ቦታው የቤተ መንግሥቱ የጸሎት ቤት ነው። ዋት ፖ ግን ሕያው ገዳም ነው። ቼቱፖን የሚባለው መንገድ ግቢውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰሜኑ ጎብኚ የሚገባበት ሲሆን ደቡቡ የመነኮሳቱ መኖሪያና ትምህርት ቤት ነው። ትኬቱም የተለያየ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለውና ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ቤተ መንግሥቱን ያስቀድም፤ ምክንያቱም እዚያ ትኬት መሸጥ የሚያቆመው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ዋት ፖ ግን እስከ ምሽት ክፍት ነው።

እንዴት ይደረሳል?

ከሁሉ የሚቀለው በምድር ውስጥ ባቡሩ በሰማያዊው መስመር ተጉዞ ሳናም ቻይ በሚባለው ጣቢያ መውረድ ነው። ጣቢያው አገልግሎት የጀመረው በ2019 ሲሆን ከዚያ እስከ ቤተ መቅደሱ የጥቂት ደቂቃዎች የእግር መንገድ ብቻ ይቀራል። አረቦችና አፍሪካውያን በብዛት በሚያርፉበት በናና አካባቢ ያረፈ ሰው በከፍታ ላይ በሚሄደው ባቡር አንድ ጣቢያ ወደ አሶክ ተጉዞ፣ ሱኩምቪት በሚባለው ጣቢያ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ይዛወርና ወደ ላክ ሶንግ የሚሄደውን ይሳፈራል፤ ሳናም ቻይ ከዚያ ዘጠነኛው ጣቢያ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ግን በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት ጀልባዎች ሄዶ ታ ቲየን በሚባለው ወደብ ቢወርድ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ይሆንለታል። ታክሲ መያዝም ይቻላል፤ የአሮጌው ከተማ መንገድ ግን ጠባብና የተጨናነቀ በመሆኑ ከባቡር ፈጥኖ መድረሱ አጠራጣሪ ነው።

«ዛሬ ዝግ ነው» ያለኝን ሰው ልመነው?

አይመኑት። በቤተ መንግሥቱና በዋት ፖ ዙሪያ ልብሱ የጸዳ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ቀርቦ «ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው» ወይም «እስከ ቀትር መነኮሳት እየጸለዩ ነው» ካለ በኋላ በአነስተኛ ዋጋ በቱክቱክ (የእነርሱ ባጃጅ ነው) ሌሎች ቤተ መቅደሶች ሊያስጎበኝ ቃል ይገባል። ጉዞው የሚያበቃው ሾፌሩ ኮሚሽን በሚያገኝበት የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። ማታለያው አሥርት ዓመታትን ያስቆጠረ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ አመስግነው እስከ ትኬት መስኮቱ ድረስ ይሂዱና በዐይንዎ ያረጋግጡ። ቤተ መቅደሱ የሚከፈተው በየቀኑ ነው።

መግቢያው ስንት ነው? የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ለውጭ አገር ሰው መግቢያው ከ2024 ጀምሮ 300 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ሆኗል። ቁመታቸው ከ120 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጆችና የአገሩ ዜጎች አይከፍሉም። በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ 08.00 ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው። በተከፈተ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ የገባ ሰው ሙቀቱም ሳይበረታ፣ የአስጎብኚ ቡድኖቹም ሳይደርሱ የሐውልቱን አዳራሽ በሰላም ያያል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም ግቢው ይቀላል፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል በሰድሩ ላይ የሚወድቀው ብርሃን ለፎቶ ይመረጣል። ሚያዝያ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሙቀቱ ለደጋ ሰው ቀልድ አይደለም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ይበዛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይስማማል።

ምን ልልበስ?

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለባቸው፤ ይህ ለወንድም ለሴትም ነው። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ሸሚዝና ገላን የሚያሳይ ስስ ልብስ አይፈቀዱም። ነጠላ ወይም ሻሽ በቦርሳ የያዘች ሴት ምንም አትቸገርም። ጫማ ማውለቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር ባይሆንም፣ እዚህ የሚወለቀው በግቢው በር ሳይሆን በየአዳራሹ ደጃፍ ስለሆነ ደጋግመው ያወልቃሉ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ማድረጉ ድካም ይቀንሳል። ኮፍያም ወደ አዳራሽ ሲገባ ይወርዳል።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነኝ፤ መግባት እችላለሁ? ስገድ የሚለኝ ይኖራል?

መግባት ለማንም ክፍት ነው፤ ሃይማኖትዎን የሚጠይቅዎ የለም። እንዲሰግዱ፣ ዕጣን እንዲያጨሱ ወይም ገንዘብ እንዲሰጡ የሚያስገድድም የለም። የሚጠበቅብዎ በዝምታ ማየትና የሚጸልዩትን አለማወክ ብቻ ነው። ከሕሊናዎ ጋር የሚጋጭ ነገር ያለ የሚመስልዎ ከሆነ ይህን ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሚያከብሩት የሃይማኖት መምህር ጋር ይነጋገሩበት፤ ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።

ጋደም ያለው ቡድሃ ምን ያህል ትልቅ ነው? ከምን ተሠራ?

ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። በራማ 3ኛ ዘመን በጡብ ተገንብቶ በኖራ ከተለሰነ በኋላ በወርቅ ተለብጧል። ቡድሃ በቀኝ ጎናቸው ጋደም ብለው፣ ቀኝ ክንዳቸውን ከራሳቸው ሥር አድርገው የሚታዩበት ይህ አኳኋን በቡድሂስቶች ዘንድ ከሞትና ዳግም ከመወለድ ዑደት ለዘለዓለም የወጡበትን የመጨረሻ ሰዓት ያስታውሳል።

አዳራሹ በሐውልቱ ልክ የተሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ ርቆ ሙሉውን በአንድ እይታ ማየት አይቻልም፤ ዐምዶቹም ይጋርዳሉ። ብዙዎች በዚህ ቅር ይሰኛሉ፤ እኔ ግን የሐውልቱ ግዝፈት የሚሰማው ሙሉውን ባለማየት ነው እላለሁ። በራስጌው በኩል ገብተው በዐምዶቹ መካከል ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ወገቡን በየተራ እያዩ ይሄዳሉ፤ ግርጌው ሲደርሱ ብቻ ወደ ኋላ ዞር ብለው መላውን አካል ከእግር እስከ ራስ ያያሉ። ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ቦታው እዚያ ነው።

እግሮቹ ላይ ጊዜ ይስጡ። ውስጥ እግሮቹ 3 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ሲኖራቸው፣ በጥቁር መደብ ላይ ዕንቁ መሳይ ዛጎል እየተቆረጠ በተለበጠ ሥራ 108 የበረከት ምልክቶች ተሥለውባቸዋል፤ ዝሆን፣ አበባ፣ ነብር፣ የመሥዋዕት ዕቃ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። ብርሃን ከጎን ሲመታው ዛጎሉ ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ ይለዋወጣል።

ከዚያ በጀርባው በኩል ሲመለሱ የማያቋርጥ የሳንቲም ድምፅ ይሰማሉ። በግድግዳው ሥር 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሰዎች በትንሽ ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ባህት፣ ሙሉ ጥዋ ዝርዝር ሳንቲም እየወሰዱ በየሳህኑ አንድ አንድ ይጥላሉ። ለእነርሱ ይህ መልካም ዕድል የሚለመንበት ሥርዓት ሲሆን ገንዘቡም ለቤተ መቅደሱ ይውላል።

ከቡድሃው በኋላ መሄድ ይቻላል ወይስ ሌላ የሚታይ አለ?

ከጎብኚዎች ብዙዎቹ ሐውልቱን አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይወጣሉ፤ 300 ባህት ከፍለው የቦታውን ዋነኛ ነገር ሳያዩ ይሄዳሉ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የዋት ፖ ትልቁ ሀብት ወርቁ ሳይሆን ድንጋዩ ነው።

ራማ 3ኛ ግቢውን ሲያድሱ በየሊቃውንቱ ቤትና በብራና መሳይ መዛግብት ተበታትኖ የነበረውን የአገሪቱን ዕውቀት አሰባስበው በእብነ በረድና በድንጋይ ሰሌዳዎች አስቀረጹና በየአዳራሹና በየድንኳኑ ግድግዳ ላይ አስለጠፉት። ሕክምና፣ የመድኃኒት ቅመማ፣ ግጥም፣ ታሪክ፣ ሥነ ምግባር፣ የቡድሃ ትምህርት፣ ሁሉም በግልጽ ቦታ ለማንበብ ለቻለ ሰው ሁሉ ክፍት ሆነ። የታይላንድ ሰዎች «የአገራችን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ከ1,400 የሚበልጡት እነዚህ ጽሑፎች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ ውስጥ ሰፍረዋል። ከእነርሱ መካከል ማንበብ ለማይችለው ጎብኚ እንኳ የሚገቡት 60 ያህል ሰሌዳዎች ናቸው፤ የሰው አካል ከፊትና ከኋላ ተሥሎ፣ የትኛው ነጥብ ቢታሽ ለየትኛው ሕመም እንደሚበጅ በመስመር ተያይዞ ይታያል።

በየሰሌዳውና በየማስታወቂያው 2300 እና 2500 የሚጠጋ ዓመት ቢያዩ አይደነቁ። ታይላንድ የምትቆጥረው በቡድሃ ዘመን ስለሆነ ከአውሮፓውያኑ 543 ዓመት ይቀድማል፤ 1788 በእነርሱ 2331 ነው። ከእኛ አቆጣጠር ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ 550 ይደርሳል።

ዋናው አዳራሽ መነኮሳት የሚመነኩሱበት ነው። ዙሪያውን በሚከቡት ባለ ጣሪያ መተላለፊያዎች ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ በወርቅ የተለበጡ የቡድሃ ሐውልቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። እነዚህን ራማ 1ኛ በጦርነት ከፈረሱ የሰሜን ከተሞች፣ ከአዩታያና ከሱኮታይ አካባቢ፣ አስመጥተዋቸዋል። በአዳራሹ ውጫዊ ግርጌ ደግሞ ራማኪየን ከሚባለው የአገሩ ታላቅ ተረክ የተወሰዱ የጦርነት ትዕይንቶች በ152 የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ተቀርጸዋል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አራቱ ታላላቅ ሾጣጣ ሐውልቶች ይታያሉ፤ የአገሩ ሰው ቼዲ ይላቸዋል። እያንዳንዳቸው 42 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው በአበባ ቅርጽ በተሰባበረ ባለ ቀለም ሸክላ ተለብጠዋል። አረንጓዴው የራማ 1ኛ ነው፤ በውስጡም በርማዎች አዩታያን በ1767 ሲያቃጥሉ ወርቁን ገፍፈው የተዉት የአንድ ታላቅ ቡድሃ ሐውልት ቅሪት አለ። ነጩ ለራማ 2ኛ፣ ቢጫው ለራማ 3ኛ፣ ሰማያዊው ለራማ 4ኛ የቆሙ ናቸው። እንደሚነገረው ራማ 4ኛ «እኛ አራታችን በሕይወት የተያየን ነን» በማለት ከእርሳቸው በኋላ የሚነግሡ በዚህ ቦታ ሌላ እንዳይጨምሩ አዘዋል። በየግቢው የተበተኑት 71 ትናንሽ ቼዲዎች የንጉሣዊ ቤተሰብ አባላት አመድ ያረፈባቸው ናቸው።

በየበሩ የቆሙት ድንጋይ ሰዎች እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) መርከቦች ሩዝና ሌላ ሸቀጥ ቻይና አራግፈው ሲመለሱ ባዶ መርከብ በማዕበል እንዳይገለበጥ የድንጋይ ሐውልት ይጭኑ ነበር፤ ሐውልቶቹም እዚህ በር ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ከመካከላቸው ረጅም ባርኔጣ ያደረጉት በአውሮፓውያን አምሳል የተቀረጹ ናቸው፤ ቻይናዊው ጠራቢ ነጮቹን እንዴት ያይ እንደነበር ስለሚያሳዩ ያስፈግጋሉ። በመዛግብት ቤቱ በር ላይ የሚጠብቁት ግዙፎች ግን የአገሩ ተረት ናቸው፦ የዋት ፖው ግዙፍ ከወንዙ ማዶ ካለው ከዋት አሩኑ ገንዘብ ተበድሮ አልመልስም ስላለ ተደባደቡ፤ በእግራቸው ሲረግጡትም በመካከል ያለው የታ ቲየን ሰፈር ዛፍ እንኳ ሳይቀረው ራቁቱን ቀረ ይባላል።

ማሳጁ እውነት የሚባልለትን ያህል ነው?

በግቢው ውስጥ የሚሰጠው ማሳጅ ለመዝናናት ታስቦ ከተከፈተ ቤት የተለየ ነው። ከላይ በተጠቀሱት ሰሌዳዎች ዕውቀት ላይ የተመሠረተው ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1955 ሲሆን፣ በታይላንድ መንግሥት ዕውቅና ካገኙት የመጀመሪያው ነው። የታይላንድ ማሳጅም በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሥራው ዘይት ቀብቶ ማሸት ሳይሆን ልብስ እንደተለበሰ በአውራ ጣት፣ በክርንና በጉልበት እየተጫኑ ጅማትን መሳብ ነው፤ ወጌሻ እጅ የወደቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሲያምዎ «ቀስ» ለማለት «ባኦ ባኦ» ይበሉ፤ ይገባቸዋል።

ለሕክምና የሄዱ ሰዎች ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለባቸው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የጀርባ አጥንት ወይም የዲስክ ችግር ያለበት፣ የደም መርጋት የነበረበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ መታሸት የለባቸውም።

በውስጥ ምን ማድረግ ነውር ነው?

ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል፤ ለፎቶ ሲባል ሐውልት ላይ መደገፍ፣ መውጣት ወይም ለቡድሃ ጀርባ ሰጥቶ መቀለድ ግን ትልቅ ድፍረት ነው። ሲቀመጡ የእግርዎን መዳፍ ወደ ሐውልቱ ወይም ወደ ሰው አያዙሩ፤ እግርዎን ወደ ኋላ ያጥፉ። የበሩን መድረክ ተሻገሩት እንጂ አይርገጡት። ሴት መነኩሴን አትነካም፤ ዕቃም በቀጥታ በእጁ አትሰጠውም። በቦታው የነገሥታት ምስል በየአቅጣጫው አለ፤ በታይላንድ ንጉሡን መስደብ በአንድ ክስ ከ3 እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ስለሆነ በቀልድም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ላይ አይናገሩ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አይለጥፉ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ልጆችና አረጋውያንስ?

ሳይጣደፉ ለማየት ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ማሳጅ ከተጨመረ ግማሽ ቀን ይያዙ። ግቢው ሜዳ ቢሆንም ወደ አዳራሾቹ ደረጃዎችና ከፍ ያሉ የበር መድረኮች ስላሉ ጉልበታቸው ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል። ዛፍ ጥላ ሥር የድንጋይ መቀመጫ አይጠፋም። ውኃ ይያዙ።

ከዋት ፖ በኋላ ወዴት?

ከታ ቲየን ወደብ በጥቂት ባህት ጀልባ ተሳፍረው ወንዙን ሲሻገሩ ዋት አሩን ፊት ለፊት ይገኛል። ቤተ መንግሥቱን ደግሞ በስተሰሜን በእግር ይደርሱበታል፤ እዚያ መግቢያው 500 ባህት ሲሆን የአለባበስ ቁጥጥሩም ከዋት ፖ ይጠብቃል።

የቡድሃ ሐውልት ገዝቼ ወደ አገር ቤት መውሰድ እችላለሁ?

የቡድሃ ሐውልትና ጥንታዊ ዕቃ ከታይላንድ ለማስወጣት ከአገሪቱ የሥነ ጥበባት መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሱቅ ውስጥ በነፃነት መሸጡ በአየር ማረፊያ ላይ ያሳልፋል ማለት አይደለም። ፈቃዱን ሻጩ እንዲያወጣልዎ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከዚህ ይልቅ ግን የመድኃኒት ቅጠል የታጨቀበት ለማሸት የሚያገለግል የጨርቅ ጥቅል ወይም የሕመም ቅባት መግዛቱ ይቀላል።